ነጋሪቱን የጠጣች ከተማ

የከተማችንን ስም የማልነግራችሁ ደብቄ አይደለም። እኛ ሁልጊዜ «ከተማዋ» ነበር የምንላት። ስሟ የተጻፈው በሕጉ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ላይ ብቻ ነበር፤ ያንን ቅጠል ደግሞ ማን እንደጠጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በበኩሌ እኔ አይደለሁም፤ እኔ የጠጣሁት ሌላ ነው። የላይኛው በር ነጋሪት ጎሳሚ ነኝ፤ አባቴም ጎሳሚ ነበር። ድምፄ ትልቅ ነው፤ እቤት ውስጥ ቀስ ብዬ ሳወራ እንኳ ጎረቤት «አቤት» ይላል።

ከተማዋ የተቀመጠችው የጨው ሜዳ ጫፍ ላይ ነው። ከሜዳው የሚነሳው ነፋስ ክረምት የለው በጋ የለው ይነፍሳል። የሰዉ ቆዳ ደረቅ ነው። ክንድህን በጥፍርህ ጫር ብታደርገው ነጭ መስመር ይወጣል፤ ልጆቻችን ፊደል የሚቆጥሩት አንዱ በሌላው ክንድ ላይ እየጻፈ ነበር። የተረከዛችንን ንቃቃት እያየን «እዚህስ ላይ ሽንብራ ይበቅላል» እየተባባልን እንቀላለዳለን። ደመና እምብዛም አናይም። ውሃ ላይም ቁጥብ ነን፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ውሃ የሚጠጣ ሰው ምስጢር አይቋጥርም ስለሚባል፣ ጨዋ ሰው ቀኑን ሙሉ ከንፈሩን እየላሰ ይውላል። በድርቀቱ ራሱ የተቸገረ ሰው አልነበረም። ያስቸገረው ሐሩ ነው።

በችሎታችን ምስክር ከመናገሩ በፊት ክንዱን ይዘረጋል። የሐር ዳኛው ከደረት ኪሱ ሐር ሻሽ ያወጣና በምስክሩ ክንድ ላይ ያኖረዋል። ሐሩ ተንሸራቶ ከወረደ ምስክሩ ይናገራል። ከያዘ ምስክሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምክንያቱን የጠየቀ የለም፤ አባቶቻችን «ቆዳው የሻከረ ቃሉም ይሻክራል» ብለው አልፈዋልና። ብዙ ጊዜ ሐሩ ይይዛል። ስለዚህ ዳኞቻችን ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ ለምደው ነበር፤ በዚያውም ላይ ፈጣኖች ነበሩ።

ሌላው ልማዳችን የእኔ ሥራ ነው። ቆዳ ተመቶ ሕዝብ ያልሰማው ነገር እንዳልሆነ ይቆጠራል። ሹመት ቢሆን፣ ጋብቻ ቢሆን፣ ሞትም ቢሆን። እኔ ጉንፋን ይዞኝ በተኛሁበት ሰሞን፣ አያ ቢሻውም ለልቅሶ ሌላ አገር ሄደው ነበርና፣ ባሏን ቀብራ እንደ ባለትዳር የተቆጠረች ሴት አለች፤ ለሟቹም ምሳ ታቀርብለት ነበር። አያ ቢሻው የታችኛው በር ጎሳሚ ናቸው። ነጋሪቶቹ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሳቸው። ነጋሪት ደግሞ የሚጮኸው ቆዳው ደረቅ ሲሆን ነው። እርጥበት ሲነካው ይለግማል፤ ስለዚህ ጎሳሚ ከመምታቱ በፊት ፀሐይ ላይ ያሞቀዋል። ይህን ያህል ካወቃችሁ ስለ ሥራዬ የማውቀውን ሁሉ አውቃችኋል።

ነገሩ የጀመረው ኋላ የወዝ ሹም ከተባለው ሰው ነው። ይህ ሰው ከሜዳው ማዶ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ሲሄድ እንደማናችንም አመዳም ነው፤ ሲመለስ ፊቱ ላይ ዝንብ ብታርፍ የምታዳልጥ ሆኖ መጣ። በእጁ የዱቄት ጣሳ ይዟል።

«ኮላጅን ይባላል» አለ አደባባይ ቆሞ። «እናንተ ቆዳችሁን ከላይ ቅቤ ትቀቡታላችሁ። ቆዳ ግን የሚሠራው ከውስጥ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ክንዱ ላይ ሐር አኖሩ፤ ሐሩ ከክንዱ ብቻ ሳይሆን ከእጃቸውም አምልጦ ወረደ። በዚያው ቀን የወዝ ሹም ተብሎ ተሾመ። የጎሰምኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ አዋጁንም ያሰማሁት እኔ ነኝ፦ «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሁሉም ሰው ጠዋትና ቀትር ላይ አንድ ማንኪያ ኮላጅን በትልቅ ቅል ውሃ በጥብጦ ይጠጣ! ቅቤ ከላይ መቀባት ይቅር!»

አንዲት አሮጊት ከሕዝቡ መሐል «በጠራራ ፀሐይ ውሃ?» አሉ።

«ውሃ አይደለም እናቴ፤ መድኃኒት ነው» አላቸው ሹሙ።

መድኃኒት ከሆነማ ነውር የለበትም ተባለና ከተማው በቀን መጠጣት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ሰዉ ወዛ። ሁሉም አይደለም፣ ብዙው ግን ወዛ። ሴቶች እየተገናኙ አንዷ የሌላዋን ጉንጭ ትዳብሳለች። ሰዉ ለሰላምታ ሲጨባበጥ እጅ ለእጅ ያዳልጣል። የሐር ዳኛው ሥራ በዛበት፤ ምስክር ሰምቶ መፍረድ እንዴት እንደሚያደክም ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

በእኛ ቤት እኔ ወዛሁ፤ ሚስቴ አልጣሽ ግን አልወዛችም። አልጣሽ ከጨዋም ጨዋ ናት። ዱቄቱን ከማንኪያው በምላሷ ትልሰዋለች እንጂ ቀን ላይ ቅል አንስታ አትጠጣም። «መድኃኒት ቢሉትም በጉሮሮ ሲወርድ ድምፁ የውሃ ነው» ትላለች። እኔም አልተከራከርኳትም፤ ሚስቴን ተከራክሬ የረታሁበት ቀን ቢኖር ራሱ በነጋሪት ይታወጅ ነበር።

ጣሳው አለቀ። ሹሙ ጣሳውን አገላብጦ የተጻፈበትን አነበበና ዱቄቱ ከከብት ቆዳ የሚሠራ መሆኑን ነገረን። «ቆዳ ለቆዳ» አለ። አደባባዩ ላይ ትላልቅ ድስቶች ተጣዱ። ቆዳ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። በመጀመሪያ የታረደው ከብት ቆዳ ነበር የሚገባው። ከብቱ ሲያንስ ሹሙ ጥልቅ ሐሳብ አመጣ።

«ትኩስ ቆዳ ገና ከብትነቱን አልረሳም» አለን። «ሆድ ውስጥ ሲገባ ይደናበራል። ከሰው ጋር የኖረ ቆዳ ግን ሰው ለምዷል፤ የት መሄድ እንዳለበት ያውቃል።»

ይህ ሐሳብ ሁላችንንም ደስ አሰኘን፤ ሁላችንም ቤት አሮጌ ቆዳ ነበራ! ጫማ ገባ። ጫማ ከገባ በኋላ ንቃቃት ባሰብን፤ አንድ ሰው «በባዶ እግር ስለሄድን እንዳይሆን» ቢል ሹሙ የዱቄቱን መጠን እጥፍ አደረገው። የአልጋ ጠፍር ገባ፣ መሬት መተኛት ጀመርን። መቀነት ያልነበራቸው ወንዶች ቀበቷቸው ገብቶ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘው ይሄዱ ጀመር። ጅራፍ ሲገባ አህዮች መጀመሪያ ተጠራጠሩ፣ ኋላ ጭራሽ ቆሙ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ወደ እኛ ቢመጣ ኖሮ ጨዋነታችን እንዳለ ሆኖ የምናነጥፍለት አልነበረንም።

ሕጉ ራሱ ብራና መሆኑ ትዝ ያለው የሐር ዳኛው ነው። ብራና ማለት ያው የፍየል ቆዳ ነው፤ ከሰውም ጋር ኖሯል። ጥቂት ሰዎች ቅር አላቸው። ሹሙ ግን በለሰለሰ ድምፁ «ሕግን ከውጭ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ከውስጥ መያዝ ሌላ ነው» አለ። ቅጠሉ ለየቤቱ ተከፋፈለ። ለእኛ የደረሰን ስለ አጥር ድንበር የሚናገረው አንቀጽ ነበር። ሆዴን ነፋኝ፤ አልጣሽ «ድንበር ገፍቶብህ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ያኔ ገና መሳቅ ትችል ነበር።

አልጣሽ ይርሳው የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። እናታቸው በልጅነቱ ሞታ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቤት ክዳኝ ነው፤ ቀኑን ጣሪያ ላይ ነው የሚውለው። ዱቄቱ ጣሪያ ድረስ ስለማይታደል ቆዳው እንደ ድሮው ነው። የወዝ ሹሙን ማድቤት ክዳን በሚያድስበት ሰሞን የሹሙ ኮርቻ ጠፋ። አሮጌ ኮርቻ ነው፣ ሹሙ ከልጅነቱ ጀምሮ የተቀመጠበት። ከዚያ የበለጠ ሰው የለመደ ቆዳ በከተማው አልነበረም። ያን ሰሞን ቆዳ መስረቅ ትልቁ ወንጀል ሆኖ ነበር። ግቢውን ከላይ ሆኖ ሲያይ የነበረው ይርሳው ብቻ ስለሆነ እሱ ተያዘ። ከጣሪያ ላይ ቁልቁል የሚያይ ሰው ምንም ባያደርግ እንኳ ሌባ ይመስላል።

ቆዳ የሰረቀ ወደ ጨው ሜዳ ይላካል። እዚያ ጨው ይቆርጣል። ተመልሶ የመጣ አላየሁም፤ ቅፍለቱ ሲመለስ ግመሎቹ ጨው ይዘው ነው የሚመጡት። ቅፍለቱ የሚነሳው ጨረቃ ስትሞላ ነው፤ ይርሳው ሲያዝ ጨረቃዋ ገና ቀጭን ነበረች።

አልጣሽ ግን ኮርቻውን አይታዋለች። ለወንድሟ ምሳ ልታደርስ ሄዳ በማድቤቱ በር ስታልፍ፣ ኮርቻው ተቆራርጦ ድስት ውስጥ ይንተከተካል፤ እርካቦቹ ታጥበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሹሙ ማድቤት ሠራተኞች የጌታቸው ዱቄት እንዳያልቅ ሰግተው ያደረጉት ነው። አልጣሽ ይህን ልትመሰክር ችሎት ቀረበችና ክንዷን ዘረጋች። ሐሩ ያዘ። ዳኛው ሻሹን ሲስብ ክር ተመዘዘ፤ ለክሩም ወቀሳት።

«ጌታዬ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» አለች።

«ዓይንሽን አልጠየቅንም» አላት። «ቅፍለቱ ከመነሳቱ በፊት ቆዳሽን አስተካክለሽ ነይ።»

ቤት ስንገባ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጋሪት ታያለች።

«የምን ቆዳ ነው?» አለችኝ።

«የበሬ።»

«ስንት ዘመን ተመታ?»

«ከአባቴ አባት ጀምሮ። አንቺ ሴት፣ ምን ልትዪ ነው?»

«ሹመቱ፣ ፍርዱ፣ ሁሉም የወጣው በሱ ላይ ነው። እንግዲህ ይኼ ሰው የለመደ ብቻ አይደለም፤ ችሎት የለመደ ነው።»

«አልጣሽ፣ እኔ እኮ በሱ ነው ሰው የሆንኩት።»

«ይርሳውስ በምን ሰው ይሁን?»

ነጋሪቱን ከግድግዳው አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አባቴ ሊሞት ሲል እጁን ያሳረፈው በእኔ ራስ ላይ ሳይሆን በነጋሪቱ ላይ ነበር፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ሆዴ እምቢ አለ። አልጣሽ ግን ፊቴን ማንበብ ታውቅበታለች።

«የታችኛው በር ነጋሪት አለ» አለችኝ። «አዋጅ ቢመጣ አያ ቢሻው ይመታሉ። አንተ ለጊዜው በአፍህ ታግዛቸዋለህ።»

እውነት ለመናገር እሷ ሳትለው እኔም አስቤው ነበር። ጠፍሩን በቢላ ቆረጥኩ። ቆዳው ከእንጨቱ ሲላቀቅ ትንሽ ድምፅ አሰማ፤ የመጨረሻ ድምፁ ነው ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩ። ለማድረቅና ለመውቀጥ ጊዜ ስላልነበረ እንዲሁ ቀቅለን መረቁን እንድትጠጣ ሆነ። ያን ጊዜ ጨዋነቷን ወደ ጎን አደረገችው። ጠዋት ትጠጣለች፣ ቀትር ላይ ትጠጣለች፣ ጥሟት እንደኖረ ሰው ቅል በቅል ላይ ትደግማለች። አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ብዬ በተቀቀለው ላይ ውሃ እየጨመርኩ ደጋግሜ አፈላሁላት፤ መጨረሻ ላይ መረቁ ማሰሮውን ወለል ድረስ የሚያሳይ ሆኖ ነበር። ግን ይሠራል። ጨረቃዋ እየወፈረች ስትሄድ የአልጣሽ ከንፈር መሰንጠቁን ተወ፣ ክንዷም ወዝ አበጀ። ጎረቤት ሁሉ «ነጋሪት እንዲህ ነው ለካ!» አለ።

በቀጠሮው ቀን ሐሩ ክንዷ ላይ አረፈና ትንሽ አመነታ። ከዚያ ወረደ፤ መሬት ድረስ። እስር ቤቱ ከችሎቱ ጎን ስለሆነ ይርሳው ከውስጥ «ወረደ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት።

አልጣሽ «ኮርቻው አልተሰረቀም። በሹሙ ማድቤት፣ በድስት ውስጥ፣ ሲቀቀል አይቼዋለሁ። እርካቡ ዛሬም እዚያው ጥግ ላይ አለ» አለች።

ሕዝቡ ሹሙን አየ። ሹሙ ጉንጩን ቀስ ብሎ ዳበሰ፤ አልተቆጣም። «አሁን ሳስበው ጣዕሙ ኮርቻ ኮርቻ ይል ነበር» አለ።

ዳኛው «ይርሳው ነጻ ነው። ይታወጅ» አለና ወደ እኔ ዞረ።

«የላይኛው በር ነጋሪት የለም ጌታዬ፤ ለፍትሕ ውሏል።»

«የታችኛው ይመታ።»

ሮጥኩ። ግመሎቹ ሜዳው አፍ ላይ ተንበርክከው እየተጫኑ ነበር፤ ነጻነቱ ሳይታወጅ ቅፍለቱ ከተነሳ ይርሳው እንደ ጥፋተኛ ይሄዳል። አያ ቢሻው በራቸው ሥር ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ተቀምጠዋል።

«አያ ቢሻው፣ እንደምን ዋሉ? የይርሳው ነጻነት ሊታወጅ ነው፤ ነጋሪቱን ፀሐይ ላይ ያውጡልኝ።»

አያ ቢሻው ባርኔጣቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። «ያንተስ?» አሉኝ።

«ጠጣነው።»

ከጎናቸው የነበረውን ጨርቅ ገለጡት። የነጋሪቱ እንጨት አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ ዶሮ ታቅፋለች።

«የልጄ አማቶች ሐር ይዘው መጡ» አሉኝ። «ሠርጉ ሊፈርስ ሆነ። ምን ላድርግ? የላይኛው በር ነጋሪት አለ ብዬ ነው።»

«እኔም የታችኛው በር ነጋሪት አለ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ተናደድኩባቸው፤ አንድ ትልቅ ሰው እንዴት የከተማ ነጋሪት ይጠጣል ብዬ። ንዴቴ ወደ ራሴ ዞሮ እስኪመጣ ብዙም አልቆየም። አያ ቢሻው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ዶሮዋ ተቆጣች። ከዚያ ግመሎቹ ትዝ ሲሉኝ ወደ ችሎቱ ሮጥኩ።

ስመለስ በእስር ቤቱ በኩል አለፍኩ። የእስር ቤቱ በር የሚታሰርበት ጠፍር ከተጠጣ ቆይቷል፤ በሩ በነፋስ ይወዛወዛል። ይርሳው ውስጥ ተቀምጧል።

«ምነው አትወጣም?» አልኩት።

«ካልታወጀልኝ? ብወጣ አመለጠ ነው የምባለው፣ ዋርሳዬ።»

ልክ ነበር።

ችሎቱ እንደገና ተሰበሰበ። «ሕጉ ምን ይላል?» ተብሎ ተጠየቀና ሰዉ ሁሉ ወደ ሆዱ አየ። አንቀጹ የማን ቤት እንደገባ አልታወቀም። ዳኛው ግን በቃሉ ያስታውሳል። «ቆዳ ተመቶ ሕዝብ ይስማ ነው የሚለው» አለ።

«የማን ቆዳ እንደሆነ ይናገራል?» አለ ሹሙ።

ዳኛው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ጥቂት አዳመጠ። «አይናገርም» አለ።

እንግዲህ ነገሩ ቀላል ሆነ። የችሎቱ ዘበኛ ልብሱን አወለቀና ጀርባውን መታሁት። ሊጥ እንደመምታት ነው፤ ከኋላ የቆሙት እንኳ አልሰሙም። አንድ ወፍራም ሽማግሌ ሆዳቸውን አቀረቡ፤ ያው ነው። ሹሙም ባለሥልጣን ለሕዝብ ሲል የማያደርገው የለም ብሎ ትከሻውን ገለጠ፤ እጄ አዳልጦኝ ጢሙን ነካሁት። ማንም አልሳቀም።

«ምንድን ነው የጎደለው?» አለኝ ሹሙ።

«ደረቅ ቆዳ ነው ጌታዬ። ነጋሪት የሚጮኸው ሲደርቅ ነው።»

ይህን ያልኩት ስለ ሥራዬ ስለተጠየቅሁ ነው። ወዲያው የአልጣሽ እጅ ክንዴን ሲጨብጠኝ ተሰማኝ፤ እሷ ቀድማኝ ገብቷታል። በከተማዋ የቀረ ደረቅ ቆዳ የአንድ ሰው ነው። እስረኛ ወዝ አያስፈልገውም ተብሎ ይርሳው በታሰረበት ጊዜ ሁሉ አንድ ማንኪያ ዱቄት አልተሰጠውም፤ ውሃም የሚደርሰው ሲመሽ ብቻ ነበር።

አመጡት። ሸሚዙን አወለቀ። ጀርባው ፀሐይ የጠበሰው፣ ትከሻው ላይ አመድ የነሰነሱበት የሚመስል ነው። ጎንበስ ብሎ መዳፎቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ።

«ዋርሳዬ፣ በደንብ ምታ» አለኝ። «ታችኛው በር ድረስ ይሰማ። ግመሎቹ ሊነሱ ነው።»

መታሁት። ድምፁ ጥሩ ነበር። ይህን ስል አፍራለሁ፤ ግን ጥሩ ነበር፣ አባቴ ቢሰማ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይርሳው ኮርቻ አልሰረቀም! ይርሳው ነጻ ነው!» እያልኩ መታሁት። ነጻነቱ እንዲጸና ሦስቴ መታወጅ ስላለበት ሦስቴ አወጅሁ። አልጣሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ቆማለች። ከታችኛው በር አያ ቢሻው በእልልታ መለሱልን፤ ተሰምቷል ማለት ነው። ቅፍለቱ ያለ ይርሳው ተነሳ።

ይርሳው ሸሚዙን እንደያዘ የመጀመሪያው ማዕዘን ድረስ ሄደ። ነጻ ሰው ሆኖ የሄደው ያን ያህል ነው። ሹሙ አስጠራው።

«ልጄ፣ ጥሩ ድምፅ አለህ» አለው። «ከተማዋ ነጋሪት የላትም። ያልታወጀ ሠርግ አለ፣ ያልታወጀ ሹመት አለ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ሞታቸው እስኪታወጅ የሚጠብቁ አሉ።»

ይርሳው እምቢ እንዳይል፣ ሹመት እምቢ የሚባለው ከታወጀ በኋላ ነው። ከታወጀ በኋላ ደግሞ ታውጇል። የመጀመሪያው ሥራው የራሱን ሹመት ማሰማት ሆነ፤ የመታሁትም እኔ ነኝ። ክብሩ ትልቅ ነው። በድግስ ላይ ከዳኛው ቀጥሎ ይቀመጣል። የከተማ ንብረት ነውና ኮላጅን አይጠጣም፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ውሃ አይቀምስም፣ ቅቤ አይነካውም። ቤቱን ሊያስከድነው የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ጣሪያ መውጣትም አይፈቀድለትም፤ ቢወድቅስ?

በልማድ ነጋሪት የሚቀመጠው ጎሳሚው ቤት ስለሆነ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ነጋሪቱ ተሰቅሎበት በነበረው ችንካር ላይ አሁን የሱ ኮት ይሰቀላል። አዋጅ ባለበት ጠዋት ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

«ዛሬ ምንድን ነው?» ይለኛል።

እነግረዋለሁ። አዋጁን ከመመታቱ በፊት በጆሮው የሚሰማ ሰው በከተማችን እሱ ብቻ ነው።

አልጣሽ ቀን ላይ ውሃ መጠጣቷን አልተወችም። እሷ ስትጠጣ ይርሳው ፊቱን ያዞራል፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምትጠጣው። ለእኔ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ራት ስታቀርብ «ብላ» ትላለች፣ እኔም እበላለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከሦስታችን ጥፋት የሠራ ሰው ስፈልግ አላገኝም፤ ሦስታችንም ግን እንደ ጥፋተኛ ነው የምንተያየው።

ባለፈው ሰሞን ሹሙ አዲስ አዋጅ አወጣ። ጠዋት ይርሳው ፀሐይ ላይ ሆኖ «ዛሬ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሁሉም ሰው ቆዳውን በሚገባ ይንከባከብ የሚል ነው» አልኩት።

«መልካም ነው» አለ።

አደባባይ ወጣን። ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ የሁሉም ፊት ያበራል። ይርሳው ሸሚዙን አውልቆ ጎንበስ አለ። እጄን አንስቼ ብመታ ድምፅ የለም። ደግሜ መታሁ፤ ሊጥ ነው። ሦስተኛውን ስመታ ከመዳፌ ላይ የቅቤ ሽታ መጣልኝ። ለጋ ቅቤ ነው፣ ገና ትናንት የተናጠ። ቀና ብዬ በሕዝቡ መሐል አልጣሽን ፈለግኋት። እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ቆማለች፤ ዓይኗን ግን አልደበቀችም። ይርሳው ነጋሪት ከሆነበት ቀን ወዲህ እንዲያ ትክ ብላ አይታኝ አታውቅም።

«ነጋሪቱ ምን ሆነ?» አለ የወዝ ሹሙ።

የከተማ ንብረት የቀባ ሰው ወደ ጨው ሜዳ ነው የሚሄደው።

«ደመና ነው ጌታዬ» አልኩት። «ደመና ሲሆን ይለግማል።»

ሹሙ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስላል፣ አንዲት የደመና ቁራጭ የለችበትም። ዳኛው ቀና አለ፣ ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ፣ ሕዝቡም ሁሉ ቀና አለ። ፀሐዩ ዓይናችንን አስለቀሰን። እኔ በሆዴ አልጣሽን እየተሰናበትኳት ነበር።

«እውነትም ደምኗል» አለ ሹሙ።

«ደምኗል» አለ ዳኛው።

«ኧረ እንዲያውም ያካፋል» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ክንዳቸውን እየጠረጉ።

ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ «መድመኑ ይታወጅ» አለ።

ይርሳው ሳይነገረው ጎንበስ አለ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ስል እየሳቀ ነው፣ ድምፁን አፍኖ፣ በልጅነቱ እህቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እንደሚስቀው። እጄን አንስቼ በሙሉ ኃይሌ መታሁ። መዳፌ እንደ ዳኛው ሐር ከጀርባው ላይ ተንሸራቶ ወረደ፤ በከተማዋ አንድም ሰው አልሰማም።